ጃያካንታን፦ ከመጽሐፍ ገጽ ወደ ፊልም

የሕንድ ፊልም ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን፣ በከተሞቻችን ሲኒማ ቤቶች ተመልካቹን ለረጅም ዓመታት ሲያስለቅስና ሲያስደስት የኖረው፣ ቦምቤይ ትባል በነበረችው ከተማ ተሠርቶ በሂንዲ ቋንቋ የሚነገረው ፊልም ነው። የተበደለ ድሃ፣ ግፈኛ ባለጠጋ፣ በዝናብ መካከል የሚዜም የፍቅር ዘፈን፣ በመጨረሻም ተለያይቶ የሚገናኝ ቤተሰብ የታወቁ ምልክቶቹ ናቸው። ይሁን እንጂ ሕንድ አንድ ቋንቋና አንድ ሥነ ጽሑፍ ብቻ ያላት አገር ስላልሆነች፣ አንድ ዓይነት ፊልም ብቻ የላትም። በደቡቡ ጫፍ የሚኖረው የታሚል ሕዝብ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሥነ ጽሑፍ ባለቤት ከመሆኑም በላይ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የራሱን የፊልም ኢንዱስትሪ ገንብቷል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከዚያው ሕዝብ የወጣውን ደራሲ ጃያካንታንንና ከድርሰቶቹ የተሠሩትን ፊልሞች ነው። የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የኅብረተሰቡን እውነት የያዘ ድርሰት ወደ ፊልም ሲሻገር ይዞት መሻገር የሚገባው ነገር ምንድን ነው? የድሃው ጎጆ ነውን? የጎጆው ሰው አነጋገር ነውን? ወይስ ካሜራ በቀላሉ የማያነሣው ሌላ ነገር አለ?

ፊደል ለቃሚው ደራሲ

ጃያካንታን እ.ኤ.አ. በ1934 በደቡብ ሕንድ፣ በኩዳሎር ተወለደ። መደበኛ ትምህርቱን ከአምስተኛ ክፍል በኋላ አልገፋበትም። ከቤት ኮብልሎ ቪሉፑራም ወደሚኖረው አጎቱ ዘንድ ሄደ፤ በአጎቱም አማካይነት ከታላቁ ባለቅኔ ከሱብራማንያ ባራቲ ሥራዎችና ከኮሙኒስት አስተሳሰብ ጋር ተዋወቀ። በ1946 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ዛሬ ቼናይ ወደምትባለው ወደ ማድራስ ከተማ መጥቶ፣ በኮሙኒስት ፓርቲው ጽሕፈት ቤት ከታጋዮቹ ጋር በጋራ መኖር ጀመረ። በፓርቲው ማተሚያ ቤት ሠራ፤ ፊደል ለቀመ፣ የታተመውን አረመ፣ ጋዜጣ ይዞ በየመንገዱ ሸጠ። ሌሎች ደራስያን በኮሌጅ ያገኙትን ትምህርት እሱ ያገኘው ከእርሳስ ፊደልና ከታጋዮች ክርክር ነው።

በ1950ዎቹ ዓመታት አጫጭር ልብ ወለዶቹ በአነስተኛ የግራ ክንፍ መጽሔቶች ላይ ይወጡ ነበር። በ1960ዎቹ ግን «አናንዳ ቪካታን» የተባለው በብዙ ቤተሰብ የሚነበብ ሳምንታዊ መጽሔት ገጹን ከፈተለት። በዚህም የጎጆ ነዋሪውን ሕይወት፣ ስለዚያ ሕይወት ማሰብ በማይፈልገው መካከለኛ ቤት ውስጥ አስገባ። ከጊዜ በኋላ ከፓርቲው ተለይቶ የኮንግረስ መሪ ከነበረው ከካማራጅ ጎን ቆሟል። በዚህ ምክንያት የቀድሞ ጓዶቹ ነቅፈውታል። ሐያሲው ግን የደራሲውን የፖለቲካ መንገድ ከመመዘን አስቀድሞ ሥራዎቹ ምን እንደሚሉ መጠየቅ ይገባዋል።

የጃያካንታንን ሥራዎች ለመረዳት ፊልም በታሚል ምድር የነበረውን ስፍራ ማወቅ ያሻል። በዚያ አገር ፊልም የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አልነበረም። የድራቪዳ ንቅናቄ መሪዎች አናዱራይና ካሩናኒዲ ራሳቸው የፊልም ጽሑፍ ደራስያን ነበሩ። ካሩናኒዲ የጻፈለት «ፓራሳክቲ» የተባለው የ1952 ፊልም ዝናን ያተረፈው ከሁሉ በላይ በንግግሮቹ ኃይል ነው። ፓርቲያቸው በ1967 የግዛቱን አስተዳደር ያዘ፤ በ1977 ደግሞ በፊልም የድሆች ጠበቃ ሆኖ የሚታወቀው ተዋናይ ኤም ጂ ራማቻንድራን የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ሆነ። እንግዲህ በዚህ ልማድ የፊልሙ ጀግና በተዋበ የመጽሐፍ ቋንቋ ይናገራል፤ ይከሳል፣ ይመሰክራል፣ ይፈርዳል፤ ተመልካቹም አጨብጭቦ ይወጣል። ጃያካንታን የዚህ ንቅናቄ ግልጽ ተቃዋሚ ነበር። በድርሰቶቹ ያመጣው ሰው ደግሞ ንግግር የማያሳምር፣ በማድራስ የጎጆ መንደር አነጋገር የሚናገር፣ ፍርዱም ያልተጠናቀቀ ሰው ነው።

በጎጆ ውስጥ የተቀመጠው ዳኛ

«ኡናይፖል ኦሩቫን» ትርጉሙ «እንዳንተ ያለ አንድ ሰው» ማለት ነው። ታንጋም በማድራስ የጎጆ መንደር በቀን ሥራ የምትተዳደር፣ ቺቲ የሚባለውን ልጇን ያለ አባት የምታሳድግ ሴት ናት። በቀቀን ይዞ ካርድ እያስመዘዘ ዕድል የሚተነብይ ማኒካም የሚባል ሰው ትወዳለች። ልጁ ግን ይህን አይቀበልም። በእናቱ ያፍራል፤ ይቆጣታል፤ ይሸሻታል። በመጨረሻ ሰውየው ይሄዳል፤ ታንጋም ልጅ ወልዳ ትሞታለች፤ ጨቅላውም በቺቲ እጅ ይቀራል። ያ የሚያሳፍረው የነበረ ፍጡር፣ እንደ እሱው አባት የሌለው አንድ ሌላ ሰው ነው።

ስለ ድሃ የሚጻፍ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ ጠላቱን ከጎጆው ደጅ ያቆመዋል። አራጣ አበዳሪው ይመጣል፤ ፖሊሱ ይመጣል፤ የፋብሪካው ባለቤት ከመኪናው ይወርዳል። እነዚህ ሰዎች በእውነተኛው ዓለም ስለሚመጡ በድርሰትም መምጣታቸው ስሕተት አይደለም። ጃያካንታን ግን በዚህ ሥራው ዓይኑን ያሳረፈው ከዚህ ይበልጥ በሚከብደው ጉዳይ ላይ ነው፤ የጨቋኙ ሕግ በተጨቋኙ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚያድር ያሳየናል። ቺቲ እናቱን የሚመዝንበት ሚዛን፣ ይኸውም የታወቀ አባት፣ የተመዘገበ ጋብቻና የቤተሰብ ስም፣ የተሠራው ርስትና ሀብት ባላቸው ሰዎች ቤት፣ ርስትና ሀብታቸው በዘር እንዲተላለፍ ነው። ልጁ የሚወርሰው ንብረት የለውም፤ የወረሰው ነገር ቢኖር ባለንብረቶች የሠሩትን ሚዛን ነው። ዳኛው ከውጭ አልመጣም፤ በጎጆው ውስጥ፣ በአንድ ሕፃን ቅንድብ ላይ ተቀምጧል።

ደራሲው ለዚህ ልጅ ስብከት አይሰጠውም፤ በጥፋቱም አይቀጣውም። በስብከት ፋንታ ጨቅላ ያሸክመዋል። ከዚህ ወዲያ ልጁ የሚማረው ከሸክሙ ክብደት ነው።

ይህን ድርሰት ወደ ፊልም የለወጠው ጃያካንታን ራሱ ነው፤ የፊልሙን ጽሑፍ ጻፈ፣ ፊልሙንም አዘጋጀ። ሙዚቃውን የታወቀው የቪና ተጫዋች ቺቲ ባቡ ሠራለት። ለ1964 ዓመት ፊልሞች በተሰጠው የሕንድ ብሔራዊ ሽልማት፣ የሳትያጂት ራይ «ቻሩላታ» አንደኛ በሆነበት ውድድር፣ የጃያካንታን ፊልም ከመላው አገር ሦስተኛ ሆኖ ተመረጠ። ከአምስተኛ ክፍል ትምህርቱን ላቋረጠና ፊልም ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በገበያ ግን ፊልሙ አልቀናውም። የጎጆው ሰው ታሪክ በሽልማት አዳራሽ ተመሰገነ እንጂ በጎጆው ሰው ፊት በሰፊው አልታየም። ለሰፊው ሕዝብ እንሠራለን የምንል ሁሉ ይህን ሁኔታ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም።

ጃያካንታን በ1966 «ያሩካጋ አዙዳን» የተባለውን ሁለተኛ ፊልሙን ከራሱ ድርሰት አዘጋጀ፤ ትርጉሙም «ለማን አለቀሰ?» ማለት ነው። ጆሴፍ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ውስጥ የሚያገለግል፣ ዝምተኛና የዋህ ሰው ነው። ባልሠራው ስርቆት ይከሰሳል፤ ይዋረዳል፤ ራሱን ለመከላከል አንደበት የለውም። እዚህ ላይ የደራሲውን ብልህነት የሚያሳየው የተዋናይ ምርጫው ነው። ጆሴፍን ሆኖ የተጫወተው ናጌሽ የታሚል ተመልካች ገና መልኩን ሲያይ የሚስቅለት ቀልደኛ ተዋናይ ነበር። ለመሳቅ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ተመልካች የሚስቅለትን ሰው ሲያለቅስ ያየዋል። ስለዚህ የፊልሙ ጥያቄ ከማረፊያ ቤቱ ግድግዳ ያልፋል፤ እስከ ዛሬ የሳቅነው በማን ላይ ነበር?

እሳትና ውኃ

የጃያካንታን ስም ከሁሉ ይበልጥ የተያያዘው ግን ከአንዲት አጭር ልብ ወለድ ጋር ነው። በ1966 በ«አናንዳ ቪካታን» የወጣችው «አግኒ ፕራቬሳም» ስሟ «እሳት መግባት» ማለት ሲሆን፣ በራማያና ውስጥ ሲታ ንጽሕናዋን ለማስመስከር በእሳት ውስጥ ያለፈችበትን ፈተና ታስታውሳለች። አንዲት የብራህሚን ቤተሰብ የኮሌጅ ተማሪ በዝናብ ቀን አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ አንድ ባለመኪና ወጣት ላድርስሽ ብሎ ይወስዳታል፤ በመኪናውም ውስጥ ክብሯን ይነካል። ቤት ገብታ ለእናቷ ትናገራለች። ባልዋ የሞተባት እናት መጀመሪያ ትጮኻለች፤ ልጅቷንም ትመታለች። ወዲያው ግን ልቧ ይመለስና ልጅቷን አስቀምጣ ውኃ ታፈስስባታለች፤ ታጥበሻል፤ ምንም አልደረሰብሽም፤ አንቺ ንጹሕ ነሽ የሚል ፍርድ ትሰጣታለች።

አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው ርእሱንና መልሱን ነው። ርእሱ እሳት ይላል፤ መልሱ ውኃ ነው። ጥንታዊው ሕግ ሴቲቱ ራሷን በእሳት እንድታስመሰክር ያዝዛል፤ ይህች መበለት ግን ሸንጎ ሳትጠራ፣ ቄስ ሳታማክር፣ በቤቷ ባለ ውኃ ሕጉን ትሽረዋለች። ታሪኳ በወጣች ጊዜ ከአንባቢያን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። በብዙ ቤት የሚነበብ መጽሔት እንዲህ ያለ ነገር ያትማል ወይ ተባለ።

ማንኛውም ደራሲ በዚህ ቦታ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወይ ሥራውን ይሟገትለታል። ጃያካንታን ሁለቱንም አላደረገም። እናትየዋ ያንን ውኃ ባታፈስስ ኖሮ ከዚያ በኋላ ምን ይሆን ነበር? ብሎ ጠየቀና መልሱን በረጅም ልብ ወለድ ጻፈ። «ሲላ ኔራንጋሊል ሲላ ማኒታርጋል» በ1970 በመጽሐፍ ወጣ፤ በ1972 የሳሂትያ አካዳሚን ሽልማት አገኘ። ርእሱ «በአንዳንድ ጊዜ አንዳንድ ሰዎች» ማለት ነው።

በዚህ መጽሐፍ እናትየዋ ትጮኻለች፤ ጎረቤት ይሰማል፤ ወንድም እኅቱን ከቤት ያስወጣል። ጋንጋ የምትባለው ይህች ልጅ በአጎቷ ድጋፍ ተምራ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ትሆናለች። ሆኖም ያስተማራት አጎት፣ ያ የተከበረ የሕግ ሰው፣ ራሱ በክፉ ዓይን ይመለከታታል። ለቤተሰቡ የወደቀች ናት፤ ለአጎቷ ደግሞ ከወደቀች ወዲያ ለማንም የምትሆን ናት። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ መጽሔት ገልጣ በራሷ ላይ የደረሰውን ታሪክ ታነባለች፤ በታሪኩ ውስጥ ግን እናት ውኃ አፍስሳ ልጇን ይቅር ብላለች። የታሪኩ ደራሲ አርኬቪ የተባለ ሰው፣ በዚያ የዝናብ ቀን ወደ መኪናው ስትገባ ያያት ሰው ነው። ጋንጋ ደራሲውን ፈልጋ ታገኘዋለች፤ በእሱም በኩል ያንን ባለመኪና ፕራቡን ታገኘዋለች።

ይህ አሠራር ጨዋታ አይደለም። ጃያካንታን የገዛ አጭር ልብ ወለዱን በረጅሙ ልብ ወለድ ውስጥ አስገብቶ፣ ታሪኩ በእውን ለደረሰባት ሴት ያስነብባታል። አንተ ውኃ አፈሰስህ፤ በእኔ ላይ ግን ማንም አላፈሰሰም ትለው ዘንድ ዕድል ይሰጣታል ማለት ነው። ደራሲው ራሱን በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አቆመ። ተስፋ ሰጪ ፍጻሜ ጽፎ ብዕሩን ካስቀመጠ በኋላ፣ ያ ፍጻሜ በሕይወት የማይገኝ መሆኑን ተመልሶ የመረመረ ደራሲ ብዙ አይደለም። ከዚያ በኋላስ? የሚለው ይህ ጥያቄ፣ በእኛ አስተያየት፣ የጃያካንታን እውነታዊነት ሥር ነው።

የመጽሐፉ ድምፅና የተዋናይቱ ፊት

ይህን ልብ ወለድ በ1977 ወደ ፊልም የመለሰው አ. ቢምሲንግ ነው። ቢምሲንግ «ፓሳማላር»ንና «ፓቫ ማኒፑ»ን (ሁለቱም 1961) የመሳሰሉ፣ ሲቫጂ ጋኔሳን የተጫወተባቸውንና የታሚልን ሕዝብ በእንባ ያራጩትን የቤተሰብ ድራማዎች ያዘጋጀ ሰው ነበር። ስለዚህ እንባ የማስፈሰስን ሙያ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። የፊልሙን ጽሑፍ ጃያካንታን ራሱ ጻፈ። ጋንጋን ላክሽሚ፣ ፕራቡን ስሪካንት፣ ደራሲውን አርኬቪን ደግሞ ያው ናጌሽ ተጫወቱ። በ1966 ያለ ምክንያት የተወነጀለውን ጆሴፍን የተጫወተ ሰው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የሌላን ሰው መከራ የሚጽፈውን ደራሲ ሆኖ መጣ።

የመጽሐፉ ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው ጋንጋ በራሷ አንደበት፣ በብራህሚን ቤት አነጋገር፣ ለራሷ በምትናገረው የውስጥ ንግግር ነው። ፊልም ይህን ሁሉ ቃል ሊሸከም አይችልም። በመጽሐፍ አሥር ገጽ የሚወስደው የልብ ሙግት በፊልም አንድ የዝምታ ቅጽበት መሆን አለበት። ላክሽሚ ይህን በፊቷ ተሸከመችው። ለዚህም የ1976 የምርጥ ተዋናይት ብሔራዊ ሽልማት ተሰጣት፤ በታሚል ፊልም ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ተዋናይት ናት። ያጠፋ ወጣት ሳይሆን በዕድሜ የገፋ፣ ሚስትና ልጅ ያለው፣ ለራሱም የማይረባ ሰው ሆኖ የምታገኘው ፕራቡም ቢሆን የተለመደው የፊልም ወንጀለኛ አይደለም። ተመልካቹ ሊጠላው ተዘጋጅቶ ሳለ ሊያዝንለት ይገደዳል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ደራሲው ከጎጆ ወጥቶ ወደ ብራህሚን ቤት ገባ፤ የቀን ሠራተኛዋን ታንጋምን ትቶ ደመወዝተኛዋን ጋንጋን ያዘ፤ ስለዚህ ከሕዝቡ ራቀ የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ከባድ ቢሆንም የሚስተው ነገር አለ። እውነታዊነት የመኖሪያ አድራሻ አይደለም። በቺቲ ልብ ውስጥ ያየነው ሚዛን ከየት እንደመጣ ቀደም ብለን ጠይቀን ነበር። ጃያካንታን ወደዚያ ሚዛን ወደተሠራበት ቤት ገብቶ፣ ሚዛኑ የገዛ ልጆቹን እንዴት እንደሚሰብር አሳየ። ሁለቱ ሥራዎች የአንድ ምርመራ ሁለት ገጾች ናቸው።

ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ጋንጋ ብቻዋን ትቀራለች፤ መጠጥም ትለምዳለች። ይህ የኅብረተሰቡ ጭካኔ የደረሰበት ደረጃ ነው ብሎ መሟገት ይቻላል። ነገር ግን ንጽሕት ናት ብሎ የመሰከረላት ደራሲ፣ በፍጻሜው ሌሎች የተመኙላትን ቅጣት በእጁ ጽፎ አላቀረበምን? በአጭሩ ታሪክ ውኃ ብዙ ነበር፤ በረጅሙ አንድ ጭልፋ እንኳ አልተረፈም። ደራሲው ይህን የተሰማው ይመስለናል፤ በ1978 «ጋንጋይ ኤንጌ ፖጊራል»፣ ይኸውም «ጋንጋ ወዴት ትሄዳለች?» በሚል ርእስ ወደዚህችው ሴት እንደገና ተመልሷልና። ሌላው ጉድለቱ ንግግር ማብዛቱ ነው። ገጸ ባሕርያቱ አንዳንድ ጊዜ ከመኖር ይልቅ ይከራከራሉ፤ የድራቪዳን ፊልም ስለ ንግግር የሚነቅፍ ሰው ራሱ በሌላ መንገድ ተናጋሪ ሆኖ ይገኛል። ራሱ ካዘጋጃቸው ፊልሞች ይልቅ የቢምሲንግ ፊልም ብዙ ተመልካች ያገኘው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ቢምሲንግ ከጃያካንታን መቆጠብን ተማረ፤ የጃያካንታን ቃል ደግሞ ከቢምሲንግ ሙያ ፊትና ዝምታን አገኘ።

ሁለቱ አንድ ተዋናይትና አንድ ሐያሲ ተጋብተው መለያየት የሚፈልጉበትን ታሪክ «ኦሩ ናዲጋይ ናዳጋም ፓርኪራል»ን ደግመው አብረው ሠሩ። ቢምሲንግ በ1978 መጀመሪያ ሞተ፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት ታየ። ሥራው ግን በዚያ አልቆመም። ልጁ ቢ. ሌኒን ከጃያካንታን ድርሰት በመነሣት በሞት ቅጣት ጉዳይ ላይ «ኡሩኩ ኑሩ ፔር»ን አዘጋጅቶ፣ የ2001 የምርጥ አዘጋጅነትን ብሔራዊ ሽልማት አገኘ። ጃያካንታን የ2002 የጅናንፒት ሽልማት ተሰጥቶታል፤ በ2015 ሚያዝያ ወር በቼናይ አረፈ።

ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ድርሰት ወደ ፊልም ሲሻገር ይዞት መሻገር የሚገባው ጎጆው ብቻ አይደለም፤ ጎጆ ፎቶግራፍ ይነሣል። አነጋገሩም ብቻ አይደለም፤ አነጋገር ይኮረጃል። መሻገር ያለበት ደራሲው ፍርዱን ሊሰጥ ሲል እጁን የያዘው ጥያቄ ነው። ድርሰትን ወደ መድረክና ወደ ፊልም የምናሻግር እኛም፣ የተበደለውን ሰው አሳይተን ተመልካቹን ካስለቀስን በኋላ ሥራችን እንዳለቀ ልንቆጥር አይገባም። መጋረጃው ሲዘጋ ቺቲ ጨቅላውን ታቅፎ እንደቆመ ነው፤ ጋንጋም ገና ወደ ቤቷ አልደረሰችም።